ያለ ቃሉ የሰጠሁት ዘር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ኖሬ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። ባሌም ሳያውቀው ሞተ። ዛሬ የምናገረው ድፍረት መጥቶልኝ እንዳይመስላችሁ። ፈርቼ ነው። ዝም ማለቱ ከመናገሩ ይበልጥ ስላስፈራኝ ነው።

ቤቴ ቦንጋ ዳር፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ነው። ጓሮዬ ውስጥ አጥሩን ይዞ የሚወጣ፣ ፍሬው ሐምራዊና ነጭ ዥጉርጉር የሆነ አደንጓሬ አለኝ። ከእናቴ ያገኘሁት ነው፤ እናቴም ከእናቷ። ቀድሞ ያፈራውን አንነካም፤ እዚያው ሐረጉ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ ተፈልፍሎ፣ የተጨማደደው ተለቅሞ ወጥቶ፣ በአመድ ታሽቶ ለዘር ቅል ውስጥ ይገባል። የሚጣፍጥ አደንጓሬ ነው፣ ግን ጠባይ አለው። የመጀመሪያው ውሃ ከፈላ በኋላ መደፋት አለበት። ያ ውሃ የትልቅ ሰው ሆድ ያገላብጣል፤ ትንሽ ልጅንማ ሊገድል ይችላል። እናቴ እኔ በተወለድኩበት ሩቅ መንደር ለጠየቃት ሁሉ ዘሩን ትሰጥ ነበር፤ ነገር ግን የተቀባይዋን እጅ ይዛ ስለ ውሃው ሳትነግራት አትለቃትም። "በይ መልሰሽ ንገሪኝ" ትላለች። እኔንም እንደዚያው አድርጋኛለች። ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ያንን ዘር ደጋግመው ጠይቀውኛል። እኔ ግን ዛሬ ነገ እያልኩ እሸሻቸው ነበር። ለምን? ሲነገር ያሳፍራል። በማኅበሩም በክርስትናውም "የእሷ አደንጓሬ" እየተባለ የሚወደሰው የእኔ ድስት ነበር። ሌላ የሚወደስ ነገር አልነበረኝም፤ መልክም የለኝ፣ ሀብትም የለኝ። አንድ ቀን ማኅበርተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት "እፍኝ ዘር የሚነፍግ ሰው አይቼ አላውቅም" ብለው አሳቁብኝ። ፊቴ ጋለ። በማግስቱ ዘሩን ይዤ ሄድኩ። ከበቆሎ ጋር ይዝሩት አልኳቸው። ውሃ የሚተኛበት መሬት አይወድም አልኳቸው። ስለ አበሳሰሉ ግን አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ረስቼ ነው? አልረሳሁም። አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። በልቤ "ድስታቸው ይምረር፣ እንግዳ ፊት ይዋረዱ፣ ያኔ ይስቁ እንደሆነ እናያለን" አልኩ። ያ ውሃ ከመምረርም ያለፈ ነገር እንደሚያደርግ አውቅ ነበር። እኔ አውቅ ነበር።

በእትዬ ዘነበች ቤት ምግብ የምትሠራው ምራታቸው ማርታ ነበረች፤ ከሺሺንዳ ከተማ የመጣች፣ ዝምተኛ፣ አማቷ ያልወደዷት። አደንጓሬው ደርሶ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀቀለች ዕለት፣ ገና አንደኛ ክፍል የገባችው ልጇ ሳራ ርቧት ከትምህርት ቤት መጣች። ማርታም ወጡ እስኪደርስ ብላ ያንን ሐምራዊ ውሃ ከድስቱ ቀድታ፣ ጨው ጨምራ አጠጣቻት። ጩኸት ሰምቼ ከሁሉ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። ሳራ ከትውከቱ ብዛት አንገቷን መያዝ አቅቷታል። ድስቱን አየሁና ወዲያው ገባኝ። በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ሲወስዷት ከኋላ እየሮጥኩ "አትሙቺብኝ፣ አትሙቺብኝ" እል ነበር። ሰው ለልጅቷ ያዘንኩ መስሎታል። ለራሴም ነበር። ሐኪሙ ምን እንደበላች ሲጠይቅ በሩ ላይ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። እዚያም ዝም አልኩ።

ተረፈች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች። ከዚያ የመጣው ግን ሙሉ በሙሉ የእኔ ሥራ ነው። እትዬ ዘነበች "ምን ጨመርሽበት?" ብለው ማርታን ያዟት። እሷም "አደንጓሬው ይሆናል እንጂ እኔ ምን አደረግኩ?" እያለች አለቀሰች። ያኔ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺ፣ ይሄ አደንጓሬ ሰው ያማል እንዴ?" አሉኝ እትዬ ዘነበች።

"እኛ ሁልጊዜ እንበላዋለን" አልኩ።

ውሸት ነው? ሁልጊዜ እንበላዋለን። በዕድሜዬ ግን የዚያን ያህል የከፋ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም። ማርታ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ባሏ ከእናቱ ቃል የማይወጣ ስለነበር ልጅቷን አስቀርቶ ማርታን ወደ ሺሺንዳ ሰደዳት። ልጇን ልታይ እየመጣች ከበር ስትመለስ አይቻለሁ። ሳራ "እናትሽ ናት የመረዘችሽ" እየተባለች አደገች፤ እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ። ስንት ጊዜ እስከ በራቸው ሄጄ ተመለስኩ? ብናገር ያሳስሩኛል እላለሁ። ብናገር ከዕድር አስወጥተውኝ የሚቀብረኝ አጣለሁ እላለሁ። ለራሴ ቀብር ስሳሳ የሰው ልጅ ያለ እናት አደገች።

በቅርቡ ገበያ ወጥቼ፣ ከሺሺንዳ በሚኒባስ የመጣች ሴት የእኔን አደንጓሬ ዘርግታ ስትሸጥ አየሁ። ላብ አጠመቀኝ። ይህ ዘር ስንት ቤት ገብቷል? ስንት ልጅ ያንን ውሃ ጠጥቶ ይሆን? ያላትን ሁሉ ልገዛት ጎንበስ ስል ሴትዮዋ ቀደመችኝ።

"እናቴ፣ የመጀመሪያውን ውሃ ይድፉት" አለችኝ። "ዘሩን ከባሏ ቤት ስትባረር ከቦንጋ ይዛ የመጣችው ማርታ የምትባል ጎረቤታችን ናት። የውሃውን ነገር በራሷ ላይ እየሞከረች ነው የደረሰችበት። ሳትናገሩ እንዳትሸጡ ብላ አስምላናለች። መጀመሪያ ዘሩን የሰጠቻቸው ሴት አልተናገረችም አሉ።"

ማርታ ታውቃለች። ቤቴ ገብቼ በሩን ቀረቀርኩ። ደጅ ባጃጅ በቆመ ቁጥር እሷ የመጣች እየመሰለኝ ደነገጥኩ። ግን አልመጣችም። ብትመጣስ ማን ያምናታል? ያኔ በሁሉም ፊት ሁልጊዜ እንበላዋለን ብያለሁ።

ትናንት የመጣችው ሳራ ናት። ሠርጓ ደርሷል። "እትዬ፣ ከቤት ስወጣ ጉልበቷን የምስማት እናት የለችኝም። በእሷ ቦታ እርስዎ ይቀመጡልኝ" አለችኝ። "ያኔም ሆስፒታል ድረስ እየሮጡ የተከተሉኝ እርስዎ ነዎት አሉ።"

እሺ አልኳት። እሺ! እንዲህም አልኩ እኔ፤ ስቄ፣ ግንባሯን ስሜ ሸኘኋት።

ከዚያ ወዲህ እህል ከአፌ አልገባም። ይህን የምጽፈው ወደ እሷ ከመሄዴ በፊት ነው፤ ወደኋላ ማለት እንዳልችል። አሁንም እፈራለሁ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። በቅናት ነው አትበሉልኝ፣ ልጅነት ነው አትበሉልኝ፤ ልጅ አልነበርኩም። አውቄ ዝም አልኩ፣ ተጠይቄ ዋሸሁ፣ እናትና ልጅ ለየሁ። አሁን ለሳራ ሁሉንም እነግራታለሁ፤ አያቷ እትዬ ዘነበችም ይስሙ። ትትፋብኝ፣ ትክሰሰኝ፣ የፈለገችውን ታድርገኝ፤ ብቻ ሺሺንዳ ሄዳ እናቷን ታምጣ።