ገበጣ በጳጉሜን

ሰው ለመሰብሰብ ከዓመቱ የትኛው ጊዜ ይሻላል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ ዛሬ አልመልስለትም። አንድ ጊዜ መልሻለሁ።

ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ጎንደር ፒያሳ ውስጥ በአንዲት ሻይ ቤት የምንገናኝ ስድስት የገበጣ ወዳጆች ነበርን። እውነቱን ለመናገር ከመጫወት ይልቅ ስለ ተጫዋቾች ማውራት ይቀናን ነበር። እገሌ በአንድ ዙር ስንት ቤት እንዳራቆተ፣ እገሌ በሦስት ጠጠር ቀርቶ እንዴት እንደ ተነሣ፣ እንደ ገድል እንተርከዋለን። ከሁሉ በላይ የሚነሡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የእንፍራንዝ ባላገር፣ ሌላው አዲ አርቃይ የሚኖሩት የአባቴ ታላቅ ወንድም። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም። ስለዚህ ከየአገሩ ተጫዋቾችን ጠርተን ሦስት ቀን እናጋጥማቸው ተባባልን።

ለእኛ ጨዋታ ነበር፤ ለአጎቴ አልነበረም። ዓይናቸውን ሞራ እየሸፈነው ነበር። ግራው ጠፍቷል፤ ቀኙም እንደ ጭጋግ ውስጥ ነው የሚያይ። ሐሳባችንን ሲሰሙ በአንድ መንገደኛ ላኩብኝ፦ “ይቺ አንዲቷ ሳትጨልም ያን ሰው ፊት ለፊት ልግጠመው። ቢያሸንፈኝም ያሸንፈኝ፤ ብቻ ልግጠመው።”

ወሩን ለመምረጥ ተቀመጥን። ከመካከላችን አንዱ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ጥር ይሁን አለ።

“በጥምቀት አገር ምድሩ ራሱ ከተማ ይገባል። ጠሪ እንኳ አያሻንም።”

“አገር ምድሩ ከገባማ ማን ቁጭ ብሎ ገበጣ ያያል?” አልሁት። “ማግሥቱን ደግሞ ሠርግ ነው።”

“ኅዳር?”

“አጨዳ።”

“የካቲት?”

“ጾም ይገባል። ቄሶቹ ከነገበጣችን ያወግዙናል።”

“ግንቦት?”

“ደግሞ ሠርግ። እርሻውስ?”

“እንግዲያ ለአንተ አሥራ ሦስተኛ ወር ይፈጠርልህ!” አለ ልብስ ሰፊው፤ ሁሉም ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። አሥራ ሦስተኛው ወር አለ እኮ፤ ጳጉሜን። አረሙ አልቋል፣ አጨዳው አልደረሰም፣ ፍልሰታ ተፈትቷል፣ ሠርግ የለም። ገበሬ እጁን አጣጥፎ ደመና የሚያይባት ወር ናት። ይህን ሁሉ ደረደርሁላቸው። “መንገዱስ?” አለ አንዱ አስተማሪ፤ “ዝናቡ መቼ አባራ?” ጣሊያን የሠራው መንገድ ዝናብ አይፈራም ብዬ ዝም አሰኘሁት። በዚያ ዘመን ብዙ መጽሐፍ አንብቤ ስለ ነበር፣ ሰው ሁሉ የተስማማበት ነገር ሁሉ ስሕተት ይመስለኝ ነበር። ጥርን ሁሉም ወደዱት፤ ስለዚህ ጥር መሆን አልነበረበትም።

አጎቴ ግን ወሩን ወደዱት። “ሸጋ መረጥህ” ብለው ላኩብኝ፤ “የሩፋኤል ለት ዝናቡ ጠበል ነው። ዓይኔንም እታጠብበታለሁ።” እኔ በዚያ ጠበል አላምንም ነበር። ነገር ግን ለክርክሬ ስለ ረዳኝ ለጓደኞቼ ደጋግሜ ነገርኋቸው።

ጳጉሜን አንድ ቀን የእንፍራንዙ ሰው በበቅሎ፣ ከጋቢያቸው ውኃ እየተንጠፈጠፈ መጡ። ከከተማው ዙሪያ ጥቂት ሰዎች መጡ። ከሰሜን፣ ከአጎቴ አገር በኩል፣ የመጣ አንድም ሰው የለም። እንግዳው ገበጣውን ፊታቸው አስቀምጠው ተቀመጡ። እንጫወት ያላቸውን ሁሉ መለሱ።

“እሳቸው ሳይመጡ ጠጠር አልነካም።”

“አያ፣ ምነው፣ ከእኛ ጋር ቢጫወቱ እጅዎ ይረክሳል?” አለ ልብስ ሰፊው።

“እጄስ ግድ የለም። እናንተን ካሸነፍሁ በኋላ የምኮራው ኩራት ነው የሚያሳፍረኝ።”

በሦስተኛው ቀን፣ በሩፋኤል፣ ዝናቡ ወረደ። ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ፣ አስተማሪው ሳይቀር፣ ራሱን ገልጦ ወጣና በዝናቡ ይታጠብ ጀመር። ብቻዬን በሩ ላይ ቆሜ ከደባርቅ የሚመጣውን መንገድ አያለሁ። አንድም ማኪና አይመጣም። በማግሥቱ እንግዳው በቅሏቸውን አስጫኑ።

“አያ፣ አንድ ቀን ብቻ ይጨምሩልን።”

“ልጄ፣ ዘመን መለወጫን ከደጁ ርቆ የሚውል ሰው ዓመቱን ሲንከራተት ይኖራል። በጥር ጥሩኝ፤ እመጣለሁ።”

አጎቴ መስከረም ሁለት ቀን ገቡ። የተሳፈሩበት የጭነት ማኪና ሊማሊሞ ላይ ናዳ ዘግቶት ቆሞ ኖሯል። ሦስት ቀን ጠብቀው፣ በመጨረሻ በአንድ ዓይናቸው ገደሉን ታክከው፣ በእግራቸው ደባርቅ ወጡ። ሻይ ቤቱ ሲደርሱ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ነው። ሰላምታ እንኳ አልሰጡኝም።

“የት አለ?”

ነገርኋቸው። ቁጭ አሉ። የሩፋኤልን ዝናብ አግኝተውት እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው።

“ገደሉ ላይ አገኘኝ” አሉ። “እስክጠግብ ታጠብሁ። ጭቃ ነበረበት።”

ቀኙ ዓይናቸው ታኅሣሥ ላይ ጠፋ።

በጥር ሁለቱንም ጠራን። ሻይ ቤቱ እስከ በሩ ሞላ። ልብስ ሰፊው “ብዬህ ነበር” አላለኝም፤ ቢለኝ በተሻለኝ። አጎቴ የራሳቸውንም የባላጋራቸውንም ቤቶች አንድ በአንድ በጣታቸው እየዳሰሱ፣ ጠጠሩን እየቈጠሩ ይጫወቱ ጀመር። በሌላ ጊዜ ለተጫዋች ምክር ሳይወረውር መቀመጥ የማይችለው ተመልካች ጣታቸውን ብቻ በዓይኑ ይከተል ነበር።

መጀመሪያ ጨዋታው ጨዋታ ነበር። በኋላ የእንፍራንዙ ሰው መብላት የሚችሉትን ቤት እያለፉ፣ የሞላ ቤታቸውን ክፍት እየተዉ መጫወት ያዙ። አየሁ። ሁላችንም አየን። የአጎቴ ጣት አንዱ ቤት ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ተመልሶም ዳሰሰው።

“አያ፣ ይህን ምነው ተዉት?”

“አላየሁትም።”

“እዚህ ቤት የማላይ እኔ ነኝ።”

የእንፍራንዙ ሰው አቀረቀሩ። አጎቴ የሁለቱንም ወገን ጠጠር በመዳፋቸው ሰብስበው ገበጣው መካከል ከመሩትና ተነሡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀ፤ እሳቸው ግን በየት በኩል እንደ ለቀቀላቸው አላወቁም። እጃቸውን ያዝሁ።

በማግሥቱ ወደ አዲ አርቃይ የሚሄድ ማኪና ላይ፣ ከሾፌሩ አጠገብ አስቀመጥኋቸው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ፊታቸውን ወደ ድምፄ መለሱ።

“ከልቡ ቢጫወት ማን ያሸንፍ ነበር?”

“እርስዎ” አልሁ፣ ቶሎ ብዬ።

“አንተም ጀመርኸኝ?” አሉና በሩን ራሳቸው ዳስሰው ዘጉት።