ሚስተር ዋልተርን ያለበስኳቸው ጃኬት

ትናንት ጠዋት ልጄን ለትምህርት ቤት ሳለባብስ አዲሱ ጃኬቷ አንገቷን ውጦ፣ እጆቿ ወደ ታች አልወርድ ብለው፣ "ማሚ፣ አይ ካንት ሙቭ!" ብላ ጮኸች። "ብርድ ነው፣ ዝም ብለሽ ልበሺ" ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ይህንኑ ቃል፣ በዚሁ ቁጣ፣ ለአንድ ሽማግሌ ብዬው አውቃለሁ።

በፈረንጆቹ 2020 መኸር ላይ ነው። በዲቪ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ኖርዝላንድ የሚባል ሰፈር እየኖርኩ ሆም ኬር፣ የአረጋውያን የቤት ውስጥ እንክብካቤ፣ እሠራለሁ። የምንከባከባቸው ሚስተር ዋልተር ካናል ዊንቸስተር ከምትባል ከተማ ዳር፣ አዲሶቹ ቤቶች አልቀው የበቆሎው ማሳ የሚጀምርበት ቦታ ነበር ቤታቸው። ሂሩት ማለት አልሆንላቸው ብሎ ሩት ይሉኛል። ሳንባቸው ደካማ ስለሆነ በኮቪዱ ፍራቻ ልጃቸው እንኳ በመስኮት ነበር የምታያቸው። ጎረቤታቸው በር ላይ ጥሎላቸው የሚሄደውን የአጋዘን ሥጋ ሾርባ አድርጌ ሳቀርብላቸው "ብዪ እንጂ" ይሉኛል፤ እኔ "ጾም ነኝ" እያልኩ አመልጣለሁ። ያን ያህል የሚጾም ሰው አይተው አያውቁም መሰለኝ።

ሃምሳ ዓመት በደጋንና በቀስት አጋዘን አድነዋል። "አንዴ ብቻ፣ ሩት" ብለው ለመኑኝ። ቅጠሉ ረግፎ ባለቀበት አንድ ጠዋት በተሽከርካሪ ወንበራቸው ገፍቼ ከቤቱ ጀርባ ጫካው አፍ ላይ አደረስኳቸው። የለበሱት ስስ ሹራብ ነበር። ትልቁን የላባ ጃኬት አመጣሁ።

"ይሄ አይሆንም" አሉ። "እጅጌው ተነፍቶ የደጋኑን አውታር ይይዘዋል።"

"ብርድ ነው፣ ዝም ብለው ይልበሱ! ቢታመሙ የምጠየቀው እኔ ነኝ።"

አዩኝና እጃቸውን ሰጡኝ፤ አለበስኳቸው። "እንግዲያው እጅጌውን ክንዴ ላይ በጨርቅ እሰሪልኝ።" ጨርቅ ላመጣ ዞር ስል አንዲት አጋዘን ከዛፎቹ መሀል ወጣች።

ጭናቸው ላይ የነበረውን ደጋን አንስተው ሳቡ። ሲለቁት አውታሩ እጅጌውን መታው፤ እጅጌው ተቀዶ ነጭ ላባ ብን አለ። ቀስቱ ዝቅ ብሎ ሄደ። አጋዘኗ ጎብጣ ሮጠች።

"ሆዷን ነው የመታኋት" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ወዲያው ብንከተላት ርቃ ትሸሻለች ስላሉኝ ቤት ገብተን ረጅም ሰዓት ጠበቅን። ከዚያ "ደሟን ተከትለሽ ሂጂ" አሉኝ። "ነፍሷ ካልወጣ ደውዪልኝ። ጎረቤቴን እልከዋለሁ፣ ይገላግላታል።"

ደሙ ቅጠሉ ላይ እዚህም እዚያም ጠብ ብሏል። ጅረቱ ጋ አገኘኋት። እግሮቿን አጥፋ ተኝታለች፤ አንገቷ ግን ቀና እንዳለ ነው። በአፍንጫዋ እንፋሎት ይወጣል። አልተንቀሳቀሰችም፤ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። ስልኬን አወጣሁ። ቁጥራቸውን ፈለግኩ። መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

"ሞታለች" አልኳቸው ስመለስ። "አጥር ተሻግራ ነው የወደቀችው፤ ላወጣት አልቻልኩም።"

"ተሰቃይታለች?"

"የለም። ወዲያው ነው የሞተችው።"

እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። "ተመስገን" አሉ። እንባቸውን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ያንን የበረዶ ክረምት አልዘለቁትም። ቀብራቸው ላይ ልጃቸው አቅፋኝ፣ "አባቴ የመጨረሻዋ አጋዘን ሳትሰቃይ መሞቷን ለደወለለት ሰው ሁሉ ሲያወራ ነበር" አለችኝ። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ለብዙ ዓመታት የዋሸሁት ለሳቸው አዝኜ እንደሆነ ለራሴ ስነግር ኖሬያለሁ። አንዴ ለጓደኛዬ ባጫውታት "ጽድቅ ነው የሠራሽው" አለችኝ፤ ቀለል ብሎኝ ዋልኩ። ማታ ግን ያ የአጋዘኗ ዓይን ተመልሶ መጣ። እውነቱን አሁን እናገራለሁ፦ ስልኩን ይዤ ጅረቱ ዳር ስቆም ያሰብኩት ሽማግሌውን አልነበረም፤ አጋዘኗንም አልነበረም። ጎረቤትየው መጥቶ "እንዴት ሳቱ?" ብሎ ሲጠይቃቸው፣ የተቀደደውን እጅጌ ሲያሳዩትና ሰውየው ወደ እኔ ዞር ሲል ነበር የታየኝ። ያንን አንድ እይታ ሸሸሁ። እሷ ነፍሷ እስኪወጣ ስንት ሰዓት እንደቆየች አላውቅም።