አረንጓዴው ወዳጃችን

የዚያን ዓመት ሰሊጥ ያጨድነው ከገዳሪፍ ወደ ገላባት በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ካለ እርሻ ላይ ነበር። እኔና አንድ የአገሬ ሰው ጥንድ ሆነን ተቀጠርን። ያገኘሁት መተማ ላይ ሻይ ስጠጣ ነው። በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ስለሚበልጠኝ «አያ» እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ «ወንድምዓለም» ይለኛል። ማጭድ ላይ እሱን የሚስተካከል አላየሁም፤ ዐረብኛ ግን አንድ ቃል አያውቅም። እኔ ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሱዳን ሠርቼ ስለነበር ከእርሻው ወኪል ጋር የምነጋገረው፣ ፖሊስ ሲያስቆመን የምመልሰው እኔ ነበርኩ። ጉልበቱ የሱ፣ አፉ የኔ፤ እንዲህ ነበር የተጣመርነው።

ድንበሩን ከማለፋችን በፊት ጥንድ ሆኖ የሚሻገር ሠራተኛ እንደሚያደርገው ተማምለናል። ማተብ ይያዝና «ተያይዘን ገብተን ተያይዘን እንወጣለን፤ አንዱ ቢታመም ሌላው ያስታምማል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ለቤተሰቡ ይነግራል» ይባላል፤ ከዚያ አንድ ዳቦ ለሁለት ይቆረሳል። እኔ ስምል ርቦኝ ስለነበር ሐሳቤ ዳቦው ላይ ነበር። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ነው የማለው።

ስልኩ የሱ ነው። መተማ ያለ ስልክ ጠጋኝ ኔትወርክ የማይፈልግ ጌም ጭኖለታል። በጌሙ ውስጥ አገሮች አሉ፤ እያንዳንዱ ንጉሥ ተራው ሲደርስ ወታደሩን ያንቀሳቅስና ሌላው እስኪጨርስ ይጠብቃል። በአንድ ስልክ ሁለት ሰው መጫወት ይችላል፤ ተራህን ጨርሰህ ለጓደኛህ ማቀበል ነው። እኔ ሰማያዊውን ያዝኩ፣ እሱ ነጩን። ጥቁሩና አረንጓዴው ንጉሥ ጌሙ ራሱ የሚመራቸው ናቸው። ጥቁሩ ጠላት ነው። አረንጓዴው ግን ገና በመጀመሪያው ቀን የሁለት ሰው እጅ ሲጨባበጥ የሚያሳይ ሥዕል ላከልን፤ እኛም እሺ የሚለውን ነካን። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ማጭድ ሲያስጥለን ግራር ሥር ተቀምጠን ሦስት ሦስት ተራ እንጫወታለን፤ ከዚያ በላይ ባትሪው አይፈቅድም።

አንድ ቀን ጥቁሩ የአረንጓዴውን ከተማ ከበበ። የሚነድ ቤት ሥዕል መጣልን፤ ድረሱልኝ ማለቱ ነው። በኛ ቆላ እሪታ ከተሰማ ሰው በሩን ሳይዘጋ ነው የሚሮጠው፤ ቤቴን ማን ይጠብቅልኛል ብሎ የሚያሰላ የለም። ጓደኛዬም በዋና ከተማው ያለውን ወታደር ጠራርጎ ላከ። ጥቁሩን አባረርንለት። በሚቀጥለው ተራ አረንጓዴው ወዳጃችን ባዶ ወደቀረችው የጓደኛዬ ዋና ከተማ ገባና ባንዲራውን ሰቀለ። ሳይውል ሳያድር ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ ያንኑ የመጨባበጥ ሥዕል ላከ።

እኔ ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም ነበር። ጓደኛዬ ግን አልተቆጣም፤ ያስቀየምነው ነገር ይኖር ይሆን ብሎ ተጨነቀ። ጌሙ ውስጥ ምርኩዝ የያዘ መልእክተኛ አለ፤ ሽማግሌው ይለው ነበር። ሽማግሌውን ከነእጅ መንሻው ላከ፤ አንዴም አይደለም፣ ሦስቴ። አንዲት ትንሽ ከተማ ሳይቀር ሰጠው። በኛ አገር ሦስቴ ሽማግሌ ልከህ፣ ካሳ ከፍለህ፣ አብረህ በልተህ የሚከዳህ ሰው ካለ አገር ሁሉ የሚጠላው ነው። አረንጓዴው የተሰጠውን ሁሉ ተቀበለ፣ ተጨባበጠ፣ ጓደኛዬ ወታደሩን ዞር ባደረገ ቁጥር ግን መጥቶ ወሰደበት።

የአረንጓዴውን ስሌት ያገኘው እሱ ራሱ ነው። ብዙ ቀን ሲያጠናው ከረመና አንድ ቀን ነገረኝ። አረንጓዴው ስለተናደደ አይደለም የሚመጣው፤ ውለታም ቂምም አያውቅም። ድንበርህ ላይ ያለውን ወታደር ይቆጥራል፤ ከሱ ካነሰ ይገባል፣ ካላነሰ ይጨባበጣል።

«ይሉኝታ አልፈጠረበትም» አለኝ። «ማተብ የለው፣ ምን ይዞት?»

ከዚያ ወዲህ በአረንጓዴው ድንበር ላይ ሁልጊዜ ሁለት ጦረኛ ያቆማል። ሁለት ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ወዳጅነቱ ሰመረ። እኔ ቀድመን ወግተን እንገላገለው ብዬ ብዙ ጊዜ ጎትጉቼዋለሁ። ሳይነካኝ አልነካውም፣ ወዳጅ ብዬዋለሁ፣ እጄን ሰጥቻለሁ ይለኝ ነበር። በእኔና በእሱ መሬት መካከል ግን፣ ጌሙን ከጀመርንበት ቀን ጀምሮ፣ አንድም ወታደር ቆሞ አያውቅም። ተነጋግረንበት አይደለም፤ አስፈላጊ መስሎ ታይቶን ስለማያውቅ ነው።

ሰሊጡ ሊደርስ ሲል ጓደኛዬ ታመመ። ትኩሳቱ እየሄደ እየመጣ ሳምንታት ቆየ፤ እኛ ወባ ነው ብለን ነበር። በኋላ የግራ ጎኑ አበጠ፣ ቀበቶው አልዘጋ አለ፣ ፊቱ ጠቆረ። ወኪሉ አይቶት ሎሪ ላይ አሳፈረን። ገዳሪፍ ሆስፒታል ደም ወስደው ካላዛር ነው አሉ። አሥራ ሰባት ቀን መርፌ ይወጋል፤ ካልጨረሰ ይሞታል። እዚያ ደግሞ አስታማሚ ለሌለው በሽተኛ ከባድ ነው፤ ምግብ የሚያመጣው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ ሐኪም የሚጠራው አስታማሚው ነው። ጓደኛዬ ጎኔን አመመኝ ማለት እንኳ በዐረብኛ አይችልም።

ሁለት ቀን እንደ ሌሎቹ አስታማሚዎች ከአልጋው ሥር እየተኛሁ አብሬው አደርኩ። በሦስተኛው ቀን ወኪሉ ሰው ላከብኝ፤ ተመትሮ የተሰጠን ሰሊጥ ደርሷል፣ ካልመጣህ ለሌላ ጥንድ እሰጠዋለሁ ይላል። ሰሊጥ ከደረሰ ፋታ አይሰጥም፤ ፍሬው አፉን ይከፍትና መሬት ላይ ይራገፋል። የሦስት ወር ድካማችን ነው። ለጓደኛዬ ነገርኩት። ሂድ አለኝ። በሦስት ቀን አጭጄ እመለሳለሁ አልኩት። እንዳይሰለችህ ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። ተራው የሱ ነበር፤ አልተጫወተም፤ ስትመጣ እጫወታለሁ አለ።

በሦስት ቀን ጨረስኩ። ነዶውን አቁሜ ልነሣ ስል ወኪሉ የጎረቤቱን ማሳ እጨድ አለኝ። አንድ ቀን ልጨምር አልኩ። ከዚያ ሌላ ቀን። ነገ የሚሄድ ሎሪ አለ እላለሁ፤ ነገ ሲደርስ ማጭዱን አነሣለሁ። ሎሪ አጣሁ ብዬ ለሰው ሁሉ እናገር ነበር፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ሎሪስ በየቀኑ ያልፍ ነበር። ጓደኛዬን ጠልቼው አይደለም፣ ያስቀየመኝም ነገር የለም። እሱ አልጋ ላይ ተኝቷል፣ ሰሊጡ ቆሟል፤ ሁለቱን አስተያየሁና ሰሊጡ በለጠብኝ።

እኩለ ቀን ላይ ግራሩ ሥር እየተቀመጥኩ ስልኩን እከፍታለሁ። ተራው የሱ ነው ይላል። አልነካሁትም። ቢከፋኝም ቢሰለቸኝም በሱ ቦታ ተጫውቼ አላውቅም። በዚህ እኮራ ነበር፤ እንዲህ ያለ ታማኝ ጓደኛ የት ይገኛል ብዬ ራሴን ያመሰገንኩበት ቀን ሁሉ አለ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ገዳሪፍ የተመለስኩት ትቼው ከሄድኩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። በር ላይ ያገኘችኝ ከስደተኛ ካምፕ አባቷን ይዛ የመጣች ትግርኛ ተናጋሪ ሴት ናት፤ የአባቷ አልጋ ከጓደኛዬ አልጋ ጎን ነበር። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ያበላችው እሷ ናት፤ ልብሱን ያጠበችው፣ በምታውቃት ጥቂት አማርኛና በእጅ ምልክት ያመመውን ጠይቃ በዐረብኛ ለሐኪሙ የነገረችው እሷ ናት። አንድ ጊዜ ራሱን ስቶ መርፌው ሊቋረጥበት ነበር አለችኝ።

«ሦስት ቀን ዓይኑን ከበሩ አልነቀለም» አለች በተሰባበረ አማርኛ። «ከአልጋው ሥር ሰው እንዲተኛ አይፈቅድም፤ ወንድሜ ይመጣል ይላል። በአራተኛው ቀን ቦታውን ለሌላ አስታማሚ ለቀቀለት።»

ገብቼ አልጋው አጠገብ ቆምኩ። ከስቷል፣ ግን ተሽሎታል፤ የጎኑ እብጠት ጎድሏል። እግሩን ስሜ ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ነበር። ሲያየኝ ፊቱ በራና «ወንድምዓለም፣ ሰሊጡ ደኅና ገባ?» ብሎ ቀደመኝ። እኔም ስለ ሰሊጡ ነገርኩት። የሱን ድርሻ አልነካሁበትም፤ ሳላጓድል አስረከብኩት። ተባረክ አለኝ። ስለ ቀኖቹ አንድም ቃል አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ስልኩን ከኪሴ አወጣሁ። ተራህን አልነካሁብህም አልኩት። ደስ አለው። ትራሱን ደገፍ ብሎ ተቀመጠና በቀጭን ጣቱ ቀስ እያለ ተጫወተ፤ እንደዚያ ረጅም ተራ ተጫውቶ አያውቅም። ሲጨርስ አቀበለኝ።

መጀመሪያ ያየሁት ድንበራችንን ነው። የኔን ሰማያዊ መሬትና የሱን ነጭ መሬት የምትለይ ትንሽ ወንዝ አለች። በወንዟ ዳር፣ ፊታቸውን ወደ እኔ ከተማ ያዞሩ ሁለት ጦረኞች ቆመዋል።

ለረጅም ጊዜ አየኋቸው። ቀና ስል እያየኝ ነው፤ ያየሁትን አውቋል።

«ክፉ አስቤብህ አይደለም» አለኝ። «አሁንም ወንድሜ ነህ።»

አውቃለሁ አልኩት። እውነቱንም ነበር። እስኪወጣ ድረስ ከአልጋው ሥር ተኛሁ፤ ያ አስታማሚ ጠጋ ብሎልኝ ነበር። በቀረው ጊዜ ሁሉ አንድም ቀን ፊቱን አላጠቆረብኝም፤ እንደ ድሮው ዳቦውን ቆርሶ የሚበልጠውን ይሰጠኛል፣ እንደ ድሮው ይቀልዳል። በየተራዬ ወታደሮቼን ከወንዟ አራቅኩ፤ መጨረሻ ላይ ከተማዬን ባዶ አደረግኳት፣ እንዲያየኝ። አየ። ሊገባባትም አልሞከረ፣ ጦረኞቹንም አላነሣ።

ከሰሊጥ ቀጥሎ የሚታጨደው ማሽላ ሲያልቅ አብረን ተመለስን። ገላባት ላይ ከሎሪ ወርደን ድልድዩን በእግራችን አብረን ተሻገርን፤ እንደማልነው ተያይዘን ገብተን ተያይዘን ወጣን። መተማ ላይ እሱ ወደ ቤተሰቡ የሚሄድ መኪና አገኘ። ተቃቅፈን ተሳሳምን፤ አለቀስኩ፣ እሱም አለቀሰ። መኪናው እስኪሞላ የመጨረሻዋን ተራ እንጫወት ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። ከፈትኩት። ሁለቱ ጦረኞች ወንዟ ዳር እንደቆሙ ነበሩ።