የሪሳል መኪና እና የአማቾች ውሃ

ሪሳል ሲንግ ከኒም ዛፍ ሥር ጥቂት መፍቻና አንድ መዶሻ ይዞ የሚውል ሰው ነበር። ራሱን የሚጠራው ግን "ፋብሪካው" ብሎ ነው። "ፋብሪካው ዛሬ አልተመቸውም" ካለ ሆዱን አሞታል ማለት ነው።

ከጉድጓድ ውሃ ይስብ የነበረ የናፍጣ ሞተር፣ ከወዳደቀ ጂፕ የተነቀለ መሪና ጎማ፣ ከአሮጌ አልጋ የተረፈ ሳንቃ አገጣጥሞ መኪና ሠራ። በእኛ አካባቢ ከሱ በፊት የሞከረው አልነበረም። ከሱ በኋላ የሠሩትን ሁሉ ሌባ ይላቸዋል።

መኪናዋ ፍሬን አልነበራትም። ፍሬኑ እኔ ነበርኩ። ሪሳል ስሜን ጠርቶ "ፈቴ!" ብሎ ሲጮህ ከኋላ ዘልዬ እወርድና ጉማጅ እንጨት ጎማው ሥር እወረውራለሁ። አንድ ቀን ዘገየሁና የመንደሩ ኩሬ ውስጥ ገባን። የሚታለቡት ጎሾቻችን እያዩን፣ ውሃው ደረቱ ላይ ደርሶ፣ "ጥሩ ነው፤ እንደማትንሳፈፍ አወቅን" አለኝ። ተሳሳትኩ የሚል ቃል ከዚያ አፍ ወጥቶ አያውቅም። የኋላ ማርሽ ለምን የላትም ሲሉት ደግሞ "ወደኋላ መሄድ የሚያምረው ሌላ መኪና ይግዛ" ይላል።

ይህን ደረቅ ሰው የምታሸንፈው አንድያ ልጁ ሙርቲ ብቻ ነበረች። እሷም በዚያ ዓመት ተዳረች። አዲስ ሙሽራ የመጀመሪያውን ቲጅ፣ የክረምቱን የሴቶች በዓል፣ እናቷ ቤት ዥዋዥዌ እየተጫወተች ነው የምታሳልፈው። እናቷ ገመዱን ኒሙ ላይ አስራ ትጠብቃለች። ሪሳል "የኔ ልጅ በአውቶቡስ አትመጣም፤ በራሴ መኪና እወስዳታለሁ" ብሎ ላከ። የሙርቲ የባሏ አባት፣ በክብር መጠሪያው ቾድሪ ቻንድጊ፣ መለሰለት፦ "ያቺ ጉድ በራሷ እግር ደጄ ደርሳ፣ ዓይኔ እያየ እንደገና ከተነሳች ልጅቱን ይውሰዱ። ካልተነሳች በዓሉ እዚሁ ነው።"

ሄድን። ዝናቡ ዘግይቶ ምድሩ እንደ ምጣድ ግሎ ነበር። ቻንድጊ ግቢ ስንገባ እንጨቴን ወረወርኩ፤ መኪናዋም በእንፋሎት ተሸፍና ቀጥ አለች። የሞተሩ ውሃ ተንኖ አልቋል።

"ውሃ አምጡላት!" አለ ቻንድጊ።

"አይሆንም!" አለ ሪሳል።

በእኛ ዘንድ አባት ልጁን በዳረበት መንደር እህል ውሃ አይቀምስም። የመንደር ልጅ ደግሞ የሁላችንም ልጅ ስለሆነች እኔም ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል። ይህ የታወቀ ነው። የሞተርን ነገር ግን ማንም አስቦበት አያውቅም።

"እኔ አልጠጣም፤ መኪናዬም አትጠጣም። የወለድኳት ያህል ነው፤ የሠራኋት እኔ ነኝ።"

"ቾድሪ ሪሳል፣ ናፍጣ የምትጋት ልጅም አለችዎት እንዴ?" አለ ቻንድጊ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

"ይሳቁ። የአባት ወግ አላፈርስም።"

"አንተ ሰውዬ፣ ተው እንጂ!" አልኩት። "ሞተሩ እኮ የሰው ጉድጓድ ላይ ያረጀ ነው፤ ምንህም አይደለም።"

"ዝም በል! አንተ ፍሬን ነህ። ፍሬን አይናገርም!"

ዓይኔ እስኪጨልም ተናደድኩ። ቻንድጊ ግን ዘወር ብሎ ወደ ጓዳ ተጣራ፦ "በሉ፣ ዥዋዥዌውን እዚሁ ስቀሉላት!"

ያኔ ሙርቲ ወጣች። መጎናጸፊያዋን እስከ አገጯ ስባ፣ በእጇ ባልዲ ይዛለች። ምራት በአማቷ ፊት ድምፅዋን አታሰማም፤ እሷ ግን ባልዲውን አባቷ እግር ሥር አስቀመጠችና ተናገረች።

"አባዬ፣ ይቺን የሠራኻት አንተ ነህ?"

"እኔ ነኛ!"

"እኔንስ የወለድከኝ?"

ሪሳል ጎንበስ ብሎ ባልዲውን አየ።

"እኔም ያንተው ነኝ። ይኸው ይህን ውሃ እየጠጣሁ እኖራለሁ። መኪናህ አንድ ቀን ብትጠጣ ምን ትሆናለች?"

ሪሳል ባልዲውን አንስቶ ራሱ ቀዳላት፤ ግማሹን ግን እኔ እግር ላይ ደፋው። በገዛ እግሬ ቀናሁ። የማስነሻውን ብረት ሲያዞረው ሞተሩ ጮኸ፤ ሙርቲም ዘላ ወጣች። የኋላ ማርሽ ስለሌላት ከግቢው ገፍቶ ያስወጣን ቻንድጊ ራሱ ነው፤ ላቡን እየጠረገ ይሰድበን ነበር።

የመንደሩን ወሰን እንዳለፍን ሪሳል "ፈቴ!" አለ። እርሻ ዳር የእጅ ፓምፕ ነበር። ሙርቲ እጀታውን እየገፋች አባቷ ሆዱ እስኪነፋ ጠጣ። ከዚያ ጢሙን ጠረገና ወደሷ ሳያይ ጠየቃት።

"የነሱ ውሃ ይጣፍጣል?"

"ትንሽ ጨው ጨው ይላል። ለምጄዋለሁ።"

እኔ እርሻውን የማይ መሰልኩ።

በዓሉ አልፎ ልንመልሳት ስንነሳ መኪናዋ ላይ አንድ ትልቅ በርሜል አየሁ። የመንደራችን ጉድጓድ ውሃ ሞልቶበታል።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ለሞተሩ ነዋ! ፋብሪካው ይማራል" አለኝ ቆጣ ብሎ።

እዚያ ስንደርስ በርሜሉን እንዳለ ሙርቲ ደጃፍ ላይ አወረደው። ስንመለስ መኪናዋ መንገድ ላይ ፈላች፤ ለሷ ጠብታ አላስቀረላትም ነበር።