ስልካችንን የዘጋን ዕለት

እንደ መተማ ሰው በስልክ የሚማረር የለም። እኔ ደግሞ ከሁሉም እብሳለሁ። ስልኬ ሁለት ሲም ይይዛል፤ አንዱ የእኛ፣ ሌላው «ሸሪሃ» የምንለው የሱዳኑ። ወደ ሱዳን ከሚያሻግረው ድልድይ ወዲህ ካለችው ኒም ዛፍ ሥር ከቆሙ ሁለቱም ይሠራሉ፤ ሰው ካልበዛ ነው እንግዲህ።

ማዶ ጦርነቱ ሲነሳ ሱዳን ዘመድ ያለው ሁሉ እዚያች ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። የእኔዋ ገዳሪፍ ያገባችው ታናሽ እኅቴ ናት። አባታችን በትዳሯ ተቆጥቶ «ደጄን እንዳትረግጪ» እንዳላት ሞተ። ቤቱ አሁን የእኔ ቢሆንም «ነይ» ያላት ሰው የለም፤ እሷ ደግሞ ኩሩ ናት፣ ሳይጠሯት አትመጣም። ጽሑፍ እንዳልልክላት ማንበብ አትችልም። ይህችን «ነይ» ላሰማት ነበር ጭንቀቴ ሁሉ።

አንዱ «የሱዳኑ ይሻላል!» ብሎ ሲጮህ ሁላችንም ወደ ሸሪሃው እንገለበጣለን፤ ወዲያው እሱም ይጨናነቃል። ሌላው «የእኛው ተለቀቀ!» ሲል ግር ብለን እንመለሳለን፤ ስንደርስ የለም። እምቢ ባለን ቁጥር ደግሞ ደጋግመን እንደውላለን። የተሻለውን መስመር ስንመርጥ ውለን ሁላችንም መስመር አጣን። የተናደድሁት በማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር።

በመጨረሻ ጨርቅ የሚነግዱት ሐጂ ከሱቃቸው ወጡ።

«ያ ጀመዓ፣ እርስ በርሳችሁ እየተዘጋጋችሁ ነው እኮ! ሁላችሁም ስልካችሁን ዝጉ። እኔ ብቻዬን ልደውል። የሚያነሳልኝን ሰው ስለ ሁላችሁም ዘመድ እጠይቅላችኋለሁ።»

«ኧረ እኔስ አልዘጋም ሐጂ!» አለ ወንድሙ ማዶ እርሻ ላይ የቀረበት የጎጃም ሠራተኛ። «እኔ ዘግቼ ይሄ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ባይዘጋስ? የእኔንም መስመር እሱ ሊወስደው?»

የሁላችንም ሐሳብ ያው ነበር፤ እሱ ብቻ አወጣው። ሐጂ አስማሙንና አንዳችን የሌላችንን ስልክ እያየን አብረን ዘጋን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል፤ እዚያ ዛፍ ሥር ግን ተረቱ ተገለበጠ፤ ለሁላችን ሸክም የሆነው መስመር ለአንድ ሰው ቀለለ።

ስልኩ ጠራላቸው! ገዳሪፍ ያሉት፣ የእኛን አገር ሰው ሁሉ የሚያውቁት አማታቸው አነሱ። ሐጂ እየዞሩ የየሰዉን ዘመድ ጠየቁ። የሠራተኛው ወንድም ደህና ነው ተባለ፤ ሠራተኛው መሬቱን ሳመ። የእኔ ተራ ሲደርስ «እኅትሽ ጠዋት በጭነት መኪና ወደ ጋላባት ተነስታለች» አሉኝ። ጋላባት ማለት እኮ ከድልድዩ ማዶ የሚታየው ከተማ ነው! ደስታዬ ለጉድ ነበር።

ስልኬን ስከፍት መልእክት ገባ። ዘግቼ ሳለ እኅቴ ደውላልኝ ኖሯል፣ የእኛ ኔትወርክ ከሚደርስበት ከጋላባት። መልሼ ብደውል አይሠራም። ድልድዩን ተሻግሬ ሮጥሁ፤ እሷ የለችም።

የሆነውን በኋላ የነገረኝ የጭነት መኪናው ሾፌር ነው። ሊመለስ ሲል «ልምጣ ወይ ብዬ ልጠይቃት» ብላ አስቁማው ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው ሲላት «ዘጋችኝ» አለችና ተመልሳ ወደ ገዳሪፍ ተሳፈረች። በእኛ አገር ስልክም ይዘጋል፣ ሰውም ይዘጋል፤ ቃሉ አንድ ነው።

ነገሩ እስካሁን ይዞርብኛል። ስልኬን ባልዘጋ ታገኘኝ ነበር። ሁላችንም ባንዘጋ ግን የእሷ ጥሪ መች ያልፍ ነበር? መስመሩ የተከፈተላት ስለዘጋን ነው፤ እኔን ያጣችኝም ስለዘጋሁ ነው። ያ የጎጃም ሠራተኛ ሲሰማ «አልዘጋም ብዬ አልነበር!» አለ፤ የእሱ ወንድም የተገኘው ግን በመዝጋታችን ነው።

ሰንብቶ አንድ ቀን እዚያችው ዛፍ ሥር ሆኜ በስልክ አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኋት።

«እና የዘጋሽው እኔን ለማግኘት ብለሽ ነው?»

«አዎ።»

«ሰውን ለማግኘት ይዘጋል?»

በእሷ አፍ ስሰማው ለእኔም እብደት መሰለኝ።

«ነይ» አልኋት።

ስልኩን ከጆሮዬ ሳነሳው ተቋርጧል። ከቃሌ በፊት ይሁን በኋላ፣ የዘጋውም ኔትወርኩ ይሁን እሷ፣ አላውቅም።