የክበቡ ኩባያ

የቡና እርሻው ሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ አድርገው የመረጡኝ ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ነበር። አባቴ ከወሎ መጥቶ ቦንጋ ላይ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው። በሥራ አስፈፃሚው ውስጥ ሴትም፣ ሙስሊምም፣ መጤም እኔ ብቻ ነበርኩ። ሊቀመንበሩ ከዞን እንግዳ ሲመጣ ወደ እኔ እየጠቆመ ስለ ብሔር ብሔረሰቦች እኩልነት ይናገራል።

አንድ ዓመት፣ ማንጆ ከሚባለው የተናቀ ወገን አንዲት ሴት ቡና ለቃሚ ሆና ተቀጠረች። በከፋ ከማንጆ ጋር አንድ ገበታ መቅረብ ነውር ነው፤ ከጫካ የሚያመጡትን ማገዶ ግን ሁሉም ይገዛል። የክበባችን ወጥ ሠሪ ለእሷ ብቻ አንድ ኩባያ ለይታ ከበሩ ውጭ ምስማር ላይ ሰቀለችላት። ሴትዮዋ ሻይዋን ደጅ ቆማ ትጠጣ ነበር።

እንዲህ ከርማ፣ በአንድ የማኅበሩ ስብሰባ ላይ እጇን አወጣች። አጀንዳው የሥራ ልብስ ነበር።

"ቱታው ለሁላችንም አንድ ዓይነት ነው፤ ጥሩ ነው" አለች፣ የከፋው ቋንቋ ካፊኖኖ በሚጎትተው አማርኛዋ። "ኩባያውስ?"

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "እህቴ፣ የኅብረት ስምምነቱ ስለ ኩባያ አይናገርም። ደግሞ እስላሙም ክርስቲያኑም ሥጋ ለየብቻው ይበላል። ማን ቅር አለው?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

"ሥጋውን እለያለሁ" አልኩ። "ደጅ ቁሚ ያለኝ ግን የለም።"

"በእጄ የለቀምኩትን ቡና ትጠጣላችሁ" አለች ሴትዮዋ። "ታዲያ ከእጄ አፌ ባሰ?"

ሊቀመንበሩ ማንም እንዳይከፋው ብሎ ሁሉም ሠራተኛ የየራሱን ኩባያ ይዞ እንዲመጣ ሐሳብ አቀረበ። በሙሉ ድምፅ አለፈ። ችግሩ፣ ያን ሰሞን ገበያ ላይ የነበረው አንድ ዓይነት አረንጓዴ የላስቲክ ኩባያ ብቻ ነበር። ወጥ ሠሪዋ ሁሉንም አንድ ሳፋ ውስጥ ታጥባለች። ሳምንት ሳይሞላ ማን በማን ኩባያ እንደሚጠጣ የሚያውቅ ጠፋ። የታመመ ሰው አልነበረም። ዝናብ ሲመጣ ሴትዮዋ ወደ ውስጥ ገብታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ አጠገቧ የነበሩት ትንሽ ፈቀቅ ፈቀቅ አሉ፣ ከዚያ በኋላ ግን የተነሣ የለም።

በዓመቱ ወለደች። ማኅበሩ አራስ እንድንጠይቅ እኔንና ወጥ ሠሪዋን ማንኪራ ጫካ አጠገብ ወዳለው ቤቷ ላከን። ቆጮ በማር ቀረበልን። እኔ በላሁ።

"እኔ ጾም ላይ ነኝ" አለች ወጥ ሠሪዋ። ፋሲካ ካለፈ ገና ሳምንቱ ነበር።

አራሷ ፊቷ አልተለወጠም። ቆጮውን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ሰጠቻት። "እንግዲያው እትዬ፣ ጾሙ ሲፈታ ትበይዋለሽ።"

ስንመለስ ወጥ ሠሪዋ ጫካው ውስጥ ትጥለዋለች ብዬ ጠበቅሁ። መንገዳችን ላይ ካለው ወንዝ ስንደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ቅጠሉን ፈታች፣ ጥቂት አየችው፣ ከዚያ ጨርሳ በላችው። እኔን ቅመሽ እንኳ አላለችኝም።