የዕጩው ደወል

የብርቱካን ልጣጭ በሸተታት ቁጥር ጸሐፊ ሆና የሠራችበት ያ የሦስተኛው ፎቅ ክፍል ዛሬም ድረስ ድቅን ይልባታል፤ የጽሕፈት መኪናዋ ኳኳታ፣ በደረጃው የሚመጣው የዕጩው ኮቴ።

ዕጩ ያሉት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ናቸው። የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ነበር፤ ሹመት በተወራ ቁጥር ስሙ ይነሣል፣ ሹመቱ ግን ለሌላ ሰው ይወጣል።

በዚያ ቤት ማንም ያልጻፈው ሕግ ነበረ። ምንጣፍ የተነጠፈበት ክፍል የገባ ሹም ጸሐፊዋን በደወል ይጠራታል፤ ምንጣፍ የሌለው ወረቀቱን ይዞ ጠረጴዛዋ ድረስ በእግሩ ይመጣል። ዕጩው ባለ እግር ነበር። ሲመጣም ብርቱካን ልጦ፣ ፈልቅቆ፣ በንጹሕ ወረቀት ላይ ያኖርላታል።

«የመምሪያ ኃላፊ የሆንኩ ዕለት» ይላታል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እዚሁ ጠረጴዛሽ ድረስ መጥቼ፣ ሰው ሁሉ እያየ አግቢኝ እልሻለሁ። አሁን በዚህ ደሞዝ በምን አፌ?»

«እኔ ደሞዝህን ጠየቅኩህ?»

«እናትሽ ይጠይቃሉ።»

እናትየዋ የሚጠይቁት ግን «ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚመጣው?» ብቻ ነበር።

ዓመታት ሄዱ። የእሱ ጠጉር ከግንባሩ ሸሸ፤ እሷም መነጽር አደረገች። አጠገቧ የምትቀመጠው ስልከኛ ጓደኛዋ «እህቴ፣ ያንቺ ሰው የሚያገባው ወንበሩን ነው፤ አንቺ ሚዜ ነሽ!» እያለች ታስቃት ነበር።

በመጨረሻ ሹመቱ ወጣለት። ያን ዕለት ጸሐፊዋ ሰማያዊ ቀሚሷን ተኩሳ ለብሳ መጣች። ሲደገፍ እጁ እንዳይጠቁር ብላም የካርቦን ወረቀቶቿን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች። ኮቴውን ስትጠብቅ አረፈደች።

ደወሉ ጮኸ። አዲስ መጫወቻ እንዳገኘ ሕፃን ደግሞ ደጋግሞ ጮኸ።

«ውይ!» አለች ስልከኛዋ።

እግር ለምዶ የለ፣ ጸሐፊዋ ብድግ አለች። ማስታወሻና እርሳስ ይዛ ገብታ ቆመች። እሱ ከእሱ በፊት እንደነበሩት ሹማምንት ሁሉ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል።

«እንግዲህ ቃሌን አላጠፍኩም» አለ። «ቤቱ አለ፤ መኪናም ይሰጡኛል። የቀረሽኝ አንቺ ነሽ። ከፈቀድሽ እናትሽን መጥቼ አነጋግራለሁ።»

ዘወር ሲል እርሳሷ ይሮጣል።

«ምን ትጽፊያለሽ?»

«ያሉትን ነዋ፣ ጌታዬ።»

«ጌታዬ? እኔ ነኝ እኮ!»

«ጠረጴዛዬ ድረስ እመጣለሁ ብለውኝ ነበር።»

ዕጩው በሩን አየ፣ ደወሉን አየ። «አሁንማ እንዴት አድርጌ?» አለ ከልቡ ተጨንቆ። «ሰው ምን ይላል? በይ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለችውን ብርቱካን ላጪልኝና ተቀምጠን እንጫወት።»

ተመልሶ ወደ መስኮቱ ዞረና ስለ መኪናው ቀለም ማውራት ጀመረ። እሷ የጻፈችውን ገጽ ቀድዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ያልተላጠችውንም ብርቱካን አንሥታ እላዩ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ወጣች። ምንጣፉ ወፍራም ነበርና ኮቴዋ አልተሰማም፤ ዕጩው ነጭ ይሻላል ወይስ ጥቁር እያለ መጠየቁን ቀጠለ።